ላየንስ ክለብ ለምን የአበባ መኪና ያሰልፋል?
(በሎስ አንጀለስ በተደረገ የኢትዮጵያውያን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ ልጆቻችንም፣ እንደምን አመሻችሁ?

እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ጊዜ ለሰጠኝ አዘጋጅ ኮሚቴ ምስጋናዬ የከበረ ነው። ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በቤተ ክርስቲያን ነው፤ ወይም በልጆቹ የአማርኛ ትምህርት። ዛሬ የቆምኩት ግን የላየንስ ክለብ፣ ማለትም ችግረኛ የሚረዳ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር፣ አባል ሆኜ ነው። ይህ የለበስኩት ቢጫ ሰደርያም የክለቡ ነው።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ይህ የሮዝ ፓሬድ የሚባለው ነገር ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ችግረኛ እረዳለሁ የሚል ክለብ ለአበባ መኪና ገንዘብ ማውጣት አለበት ወይ? ሦስተኛ፣ እኛ ሐበሾቹ ምን አገባን? ሁለተኛው ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ብዙ ጊዜ የምጠየቀው እሱን ነው።

እስቲ እጃችሁን አውጡ። በጃንዋሪ 1 ጠዋት ቴሌቪዥን ላይ በአበባ የተሸፈኑ ትልልቅ መኪኖች ሲያልፉ ያያችሁ? ሁላችሁም ማለት ይቻላል። እሺ፣ ሰልፉ የሚደረግበት ከተማ፣ ፓሳዲና ድረስ ሄዳችሁ በዓይናችሁ ያያችሁስ? አያችሁ፣ እጁ አነሰ። ከፌርፋክስ ፓሳዲና እኮ መንገዱ ካልተዘጋጋ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው።

ሮዝ ፓሬድ የሚባለው ይህ ሰልፍ ነው፤ የተጀመረው በ1890 ነው። ዛሬ ዓመት በጠራሁ ቁጥር በፈረንጆቹ ነው። የጀመረው መንግሥት አይደለም። ነጋዴም አይደለም። ቫሊ ሀንት ክለብ የሚባል የፓሳዲና ሰዎች ማኅበር ነው። ከአባላቱ አንዱ ቻርልስ ፍሬደሪክ ሆልደር ይባላል። ሐሳባቸው እንዲህ ነበር፦ ምሥራቅ ያሉት ወዳጆቻችን በረዶ ውጧቸዋል፤ እዚህ ግን አበባው ፈክቷል፤ ታዲያ ለምን በዓል አናደርገውም? ጋሪያቸውን በአበባ አስጌጡና ወጡ። ነገሩ እያደገ ሄዶ ለአንድ ክለብ ሲከብድ በ1895 ቶርናመንት ኦፍ ሮዝስ የተባለው ማኅበር ተቋቋመ። እስከ ዛሬም ሰልፉን የሚያስተናብሩት ነጭ ሙሉ ልብስ የለበሱ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ለእኛ ሰው ደስ የሚል አንድ ነገር ልጨምር። ጃንዋሪ 1 እሑድ ከዋለ ሰልፉ ወደ ሰኞ ይዛወራል። ይህ ደንብ ከ1893 ጀምሮ አለ። ለምን? ያኔ ሰው ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው በፈረስ ነው። ፈረሱን ደጅ አስሮ ይገባል። ሰልፉ ሲያልፍ ፈረሶቹ ደንብረው ጸሎቱን እንዳያውኩ ተብሎ ነው። ፈረሱ ቀረ። ደንቡ አልቀረም።

መንገዱ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ከኦሬንጅ ግሮቭ ይነሳል፤ ከዚያ በኮሎራዶ ቡለቫርድ ይቀጥላል። ሰዉ ከዋዜማው ጀምሮ መንገድ ዳር ፍራሽና ብርድ ልብስ ዘርግቶ ያድራል። በዚህ መንገድ ላይ ከትልልቅ ኩባንያዎችና ከተሞች ጋር አብረው የሚያልፉ የአገልግሎት ክለቦች አሉ። ላየንስ፣ ሮታሪ፣ ኪዋኒስ፣ ሁሉም ለብዙ ዓመታት ፍሎት ሲያሰልፉ ኖረዋል።

ፍሎት የምንለው መኪና ላይ የተሠራ ትልቅ መድረክ ነው። ውስጡ ብረት ነው። ብረቱ በሽቦ ወንፊትና በአረፋ ይሸፈናል። ልጆች፣ ይህን ስሙ፦ ሹፌሩ አበባው ሥር ተደብቆ ነው የሚነዳው። ረጃጅሞቹ ፍሎቶች ደግሞ መጨረሻው አካባቢ ባለው የአውራ ጎዳና ድልድይ ሥር ለማለፍ እጥፍ ብለው ዝቅ ይላሉ።

ደንቡ ጥብቅ ነው። ለዓይን የሚታየው ገጽ በሙሉ ከተፈጥሮ በተገኘ ነገር መሸፈን አለበት። አበባ፣ ቅጠል፣ ቅርፊት፣ ዘር፣ አትክልት። ፕላስቲክ የለም። ቀለም ቀብቶ መውጣት የለም። ስለዚህ ወደ ማስጌጫው መጋዘን ስትገቡ የእናታችሁ ጓዳ የገባችሁ ይመስላችኋል። ምስር አለ። ተልባ አለ። ሩዝ አለ፣ ቀረፋ አለ፣ ቡና አለ። ብርቱካናማ መሆን ያለበት ቦታ ላይ ምስር ክክ ይለጠፋል። ቡናማው ላይ ቡና ወይም ቀረፋ። ሙጫ ይቀባል፣ ዘሩ ይነሰነሳል፣ በመዳፍ ጫን ጫን ይደረጋል። ደረቁ ቀድሞ ይሠራል። ለጋው አበባ ወደ መጨረሻው ነው የሚገባው፤ ጽጌረዳዋ ለየብቻዋ ውኃ በያዘች ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ትሰካለች። ይህን ሁሉ የሚሠራው ማነው? ከፈረንጆቹ ገና ማግስት እስከ ሰልፉ ዋዜማ በፈረቃ የሚመጣ ሰው ነው። ደመወዝ የለውም።

ቆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሰልፍ ሲባል ደስ አይለውም። አውቃለሁ። እኛ ያደግንበት ሰልፍ የመስከረም 2 ሰልፍ ነው። ቀበሌው ስም ይጠራል። የቀረ ይጠየቃል። ፋብሪካው፣ መሥሪያ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ በየተራ አብዮት አደባባይ ያልፋል። ያጌጠ የጭነት መኪና እዚያም ነበር። ያን ያየ ሰው «ደግሞ እዚህም ሰልፍ?» ቢለኝ አልፈርድበትም።

ግን የመስቀል ደመራንስ? የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ለደመራ መኪና ሲያስጌጡ፣ ንግሥት እሌኒን የምታስታውስ ልጅ አስቀምጠው ወደ አደባባይ ሲወጡ፣ ማን አስገደዳቸው? ማንም። የደብራቸው ፍቅር ነው። ለእኔ የሮዝ ፓሬድ የዚህ ወገን ነው። ልዩነቱ ሰልፉ ላይ አይደለም። ልዩነቱ ያስጌጠው ሰው ወዶ መጥቶ ነው ወይስ ተጠርቶ የሚለው ላይ ነው።

ወደ ሁለተኛው ልምጣ። ገንዘቡ።

አልሸፋፍንም፤ አንድ ፍሎት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊፈጅ ይችላል። በአንድ ጠዋት ታይቶ ያልቃል። አበባው በሳምንቱ ይደርቃል። በክለባችን ስብሰባ ላይ ይህ ጉዳይ ሲነሳ አንድ አዛውንት አባላችን ተነሱ። ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው፤ ብዙ አይናገሩም። «በዚህ ገንዘብ ስንት ዓይን ይገለጣል?» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ።

ጥያቄያቸው የቀለለ እንዳይመስላችሁ፣ ላየንስ ማን እንደሆነ በአጭሩ ልንገራችሁ። ክለቡ በ1917 ተመሠረተ። መሥራቹ ሜልቪን ጆንስ የሚባል የቺካጎ የኢንሹራንስ ሰው ነው። በ1925 ኦሃዮ ውስጥ በተደረገው ጉባኤያቸው ላይ ሄለን ኬለር ተገኘች። ማየትም መስማትም የማትችለው ያች ሴት ለዓይነ ስውራን ዘብ እንዲቆሙ ለመነቻቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ የዓይን ጉዳይ የላየንስ ዋና ሥራ ሆነ። በየሱቁ ያገለገለ መነጽር የሚሰበስቡትን ሣጥኖች አይታችሁ ይሆናል። የእኛ ናቸው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ክለብ ውስጥ ሆኖ «ስንት ዓይን?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህን የሚጠይቅ ሰው የሌለበት ክለብ ውስጥ መሆን አልፈልግም።

መልሱ ግን አለ። ጆሮ ስጡኝ።

በላየንስ ሕግ ሁለት ኪስ አለ። ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብ ወደ ሕዝብ አገልግሎት ብቻ ነው የሚመለሰው። ለክለቡ ለራሱ ጉዳይ የሚወጣው ከአባላት መዋጮ ነው። ሁለቱ አይቀላቀሉም። የእኛ ክለብ ለፍሎቱ የሚያዋጣው አባላት «ለፍሎት» ብለን ከኪሳችን ካወጣነውና ከምንሸጠው ፒን ነው። ለመነጽር የተሰጠች አንዲት ዶላር ወደ አበባ ብትሄድ፣ እኔ በዚያው ቀን ይህን ሰደርያ አውልቄ እሄዳለሁ። ይህን በክለቡም ተናግሬዋለሁ፤ እዚህም እደግመዋለሁ።

«እሺ፣ ከኪሳችሁም ቢሆን ለምን በቀጥታ ለዓይን አትሰጡትም?» ትሉኛላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ክለቡን ያወቅሁት የት ይመስላችኋል? ኮሎራዶ ቡለቫርድ ዳር ነው። ልጆቼን ይዤ ሰልፍ ለማየት ሄጄ፣ ፍሎቱ ሲያልፍ አጠገቤ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሰው ሲያጨበጭብ አየሁ። «ይህ የማነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ነገረኝ። ላየንስ ኢትዮጵያ ውስጥም እንደሚሠራ ስሰማ አላመንኩም። ያ መኪና ያን ጠዋት ያደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ሰው «እናንተ እነማን ናችሁ?» ብሎ እንዲጠይቅ አደረገ። እኔ ያንን ጥያቄ ባልጠይቅ ኖሮ ዛሬ ቤተሰቤ ለዓይን ሥራ የሚያዋጣው ሁሉ አይኖርም ነበር። ሰው የማያውቀውን አይረዳም።

አሁን ደግሞ የግል ታሪክ ልናገር፤ ታገሱኝ።

ያደግሁት ጎጃም ገጠር ነው። አያቴ አንገቷ ላይ ከማተቧ ጋር ወረንጦ ታስር ነበር። አንዳንዶቻችሁ ራሳችሁን እየነቀነቃችሁ ነው፤ ታውቁታላችሁ። ዓይኗን ትራኮማ ይዟት ነበር። እኛ የዓይን ማዝ ነበር የምንለው። በሽታው ሲመላለስ የዓይን ቆብ ከውስጥ ይጠባሰላል። ጠርዙ ወደ ውስጥ ይቀለበሳል። ሽፋሽፍቱም ዞሮ ብሌኑን ይፍቃል። በየርግብግቢቱ፣ ቀኑን ሙሉ። አያቴ በወረንጦ እየነቀለች ነበር የምትገላገለው። መልሶ ይበቅላል። ደግሞ ይነቀላል። እሷ አጥርታ ስለማታይ እኔን ታስነቅለኝ ነበር። ብርሃን ፍለጋ ደጃፍ ላይ እንቀመጣለን። ራሷን ጭኔ ላይ ታሳርፋለች። «አይዞሽ፣ አይዞሽ» የምትለው እሷ ናት፤ የሚያማት እሷን፣ የምታጽናናው እኔን። በመጨረሻ ብርሃኗ ጠፋ።

ለዚህ ነገር መድኃኒት አለው። ቀዶ ጥገናው አጭር ነው፤ ሆስፒታል መተኛት አይፈልግም፤ የሠለጠነ ነርስ ይሠራዋል። ኢትዮጵያ በዓለም ላይ የትራኮማ ሸክም በጣም ከከበደባቸው አገሮች ግንባር ቀደሟ ናት። አማራ ክልል ደግሞ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው። እዚያ ላየንስ ከካርተር ማዕከልና ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር ለዓመታት ሠርቷል። የዓይን ቆብ ቀዶ ጥገና በየጤና ጣቢያው ተሰጥቷል። ፋይዘር በነጻ የሚሰጠው ዚትሮማክስ የተባለ መድኃኒት ከ2008 ጀምሮ በዘመቻ ለሚሊዮኖች ታድሏል። ፊት መታጠብና መጸዳጃ ቤት መሥራትም የዚሁ ሥራ አካል ነው።

ባለፈው ዲሴምበር መጋዘን ውስጥ አጠገቤ አንዲት አሜሪካዊት እናት ተቀምጠው ነበር። ከሌላ ስቴት የመጡ የላየንስ አባል ናቸው። ትንንሽ የአበባ ቅጠሎችን በወረንጦ እያነሱ ይለጥፋሉ። ወረንጦውን ሳይ ስለ አያቴ ነገርኳቸው። ሥራቸውን አቆሙ። የእሳቸው ክለብ ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። በየዓመቱ ለዓይን ሥራ ያዋጣሉ። ፓንኬክ ጋግረው እየሸጡ ነው የሚያዋጡት። «ገንዘቡ የት እንደሚሄድ በወረቀት ይነግሩናል፤ ከዚያ አገር ሰው ሳገኝ ግን አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ» አሉኝ። እጄን ይዘው ብዙ ቆዩ። ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ ወደ ሥራችን ተመለስን፤ ፈረቃው ሊያልቅ ነበር።

መጋዘኑ ሰው የሚገናኝበት ቦታ ነው። የመነጽር ሣጥኑ አጠገብ አንገናኝም። ቼክ ስንጽፍም አንገናኝም። ይህን ለአናጢው አባላችን ነገርኳቸው። አልተረቱም። «መልካም፤ ግን ሒሳቡን በየዓመቱ አሳዩኝ» አሉ። ልክ ናቸው። በየዓመቱ እናሳያቸዋለን።

በ2021 ሰልፉ በኮቪድ ምክንያት ተሰርዟል። ከዚያ በፊት የቀረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። መነጽር መሰብሰቡ ግን በዚያ ዓመትም አልቆመም። ይህንንም የምናገረው ፍሎቱ ሥራው ራሱ እንዳይመስላችሁ ነው።

ሦስተኛው፣ እኛስ?

ማስጌጫው ሳምንት ጾመ ነቢያት ላይ ነው የሚውለው። መሐሉ ላይ ደግሞ ታኅሣሥ 19፣ የቁልቢ ገብርኤል አለ። በዚያን ቀን ኑ አልልም፤ ቤተ ክርስቲያን ሂዱ። ሌሎቹ ቀኖች ግን አሉ። ብዙ ሰው ያን ሳምንት ከሥራ እረፍት ነው። ልጆቹም ትምህርት ቤት የላቸውም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ የበጎ ፈቃድ ሰዓት ካስፈለገው እዚያ ማሟላት ይችላል። ሽማግሌ ለሆናችሁ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ሞልቷል። ምስር ለመልቀም እንግሊዝኛ አያስፈልግም።

እንግሊዝኛ ካልኩ አይቀር፣ አንዲት ልጅ ልጥቀስ። ወደዚህ አገር ከመጣች ብዙ አልቆየችም። ዝዋይ የአበባ እርሻ ላይ ሠርታለች። ታውቃላችሁ፣ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ አበባ ለውጭ የምትልክ አገር ናት፤ የዝዋይ ጽጌረዳ ኔዘርላንድስ ድረስ ይሄዳል። ልጅቷን ይዣት ስሄድ ቋንቋውን ፈርታ ከኋላዬ ነበር የምትሄደው። የጽጌረዳው ጠረጴዛ ጋ ስንደርስ ዝም ብላ ቢላዋ አነሳች። ግንዱን አግድም ሳይሆን ሰያፍ ቆረጠችው። የታችኛውን ቅጠል በአንድ እጅ ላጠችው። ወደ ብልቃጡ ሰካችው። ቀጠለች። ትንሽ ቆይቶ ሰዉ ሥራውን ትቶ እሷን ያያል። የፈረቃው ኃላፊ መጥቶ «ለሌሎቹ አሳዪልኝ» አላት። በእጇ አሳየቻቸው። ከቀትር በኋላ ያ ጠረጴዛ የእሷ ነበር። እዚህ አገር ከመጣች ወዲህ «ታውቂያለሽ» የተባለችው ያን ቀን መጀመሪያዋ እንደሆነ ስንመለስ መኪና ውስጥ ነገረችኝ። እንደ እሷ ያሉ ስንት ልጆች በየቤታችሁ አሉ? አምጡልኝ።

አንዳንዶቻችሁ «ለምን የራሳችን የኢትዮጵያ ፍሎት አይኖረንም?» ብላችሁኛል። ፌርፋክስ ላይ ሊትል ኢትዮጵያ የሚል ስም በ2002 ያገኘ ማኅበረሰብ ይህን ቢመኝ አይበዛበትም። እኔም እመኛለሁ። ግን ሳውዝ ፓሳዲናን፣ ሲየራ ማድሬን፣ በርባንክን፣ ዳውኒን ተመልከቱ። እነዚህ ከተሞች ፍሎታቸውን በራሳቸው በጎ ፈቃደኞች ነው የሚሠሩት። የካል ፖሊ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከ1949 ጀምሮ ይሠራሉ። የአንድ ሳምንት ሥራ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ነው። ብየዳ የሚያውቅ፣ ሞተር የሚያውቅ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ምሳ የሚያበስል ሰው ይፈልጋል። በዓመት አንዴ ተሰብስቦ ተከራክሮ የሚበተን ኮሚቴ አይችለውም። ስለዚህ መጀመሪያ በሰው ፍሎት ላይ እንሥራ። እንልመድ። ማን በሰዓቱ እንደሚመጣ፣ ማን እስከ መጨረሻ እንደሚቆይ እንተዋወቅ። ከዚያ እንነጋገራለን።

ዛሬ ገንዘብ አልጠይቅም። የምጠይቀው አንድ ፈረቃ ነው። ከየቤቱ አንድ ሰው፣ አንድ ፈረቃ። ፎቶ ለመነሳት ብቻ የምትመጡ ከሆነ ግን ሰልፉ ካለፈ በኋላ ፍሎቶቹ ቆመው ለሕዝብ የሚታዩበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ኑ።

መመዝገቢያው ከኋላ፣ ከቡናው አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ስማችሁን፣ ስልካችሁንና የምትችሉትን ቀን ጻፉ። መኪና የሌላችሁ ምልክት አድርጉ፤ የሚወስዳችሁ ሰው እንመድባለን። መጋዘኑ ይቀዘቅዛል፤ ደረብ ደረብ አድርጋችሁ ልበሱ። ጫማችሁ ጠፍጣፋ ይሁን። ሙጫ ልብስ አይለቅም፤ ነጠላችሁን መኪና ውስጥ ተዉት። ምሳ እኛ እናመጣለን፣ የጾም በያይነቱ ነው። ጥያቄ ያላችሁ ቡናው እየተቀዳ እመልሳለሁ።

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አመሰግናለሁ።